እውነት ወይስ ተረት? «የላላ ካምቢዮ ጓሮ ውስጥ ጠበቅ ይደረጋል»

ደብረ ታቦር ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ኮፋኖዋ የተከፈተ መኪና ካዩ ዙሪያዋን አምስት ሰው አይጠፋም። አንዱ ከሥር ተጋድሟል፤ አንዱ ቁልፍ ያቀብላል፤ ሦስቱ ይመክራሉ። ምክሩም ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «ላልቶ ነው፤ ጠበቅ አድርገው!» እኔም ከሦስቱ መካሪዎች አንዱ ሆኜ ብዙ ቅዳሜ ስላሳለፍኩ የማወራዎት እንደ ጎረቤት እንጂ እንደ ሊቅ አይደለም። ምክሩ ለባትሪ ተርሚናል፣ ለጎማ ዳዶ፣ ለማርሚታ ማሰሪያ ይሠራል። ካምቢዮ ጋ ሲደርስ ግን ሰው ያከስራል።

ተረቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲያረጅ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ሻፍቶች ይላላሉ፤ ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራሉ፤ እጁ የሚታዘዝለት ሰው ካምቢዮውን አውርዶ፣ ጓሮ ውስጥ ከፍቶ፣ አጥብቆ ቢመልሰው እንደ አዲስ ይሆናል። እንደ ብዙ ዕድሜ ጠገብ ተረት ግማሹ እውነት ነው። ሻፍቶቹ በእርግጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ክፍተታቸውም በእርግጥ ይስተካከላል። ጣጣው ያለው «አጥብቆ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

እስቲ ቃሏን እንያት። በአማርኛ «ላልቷል» ካልን መድኃኒቱ አብሮ ከተፍ ይላል፤ የላላ ነገር ይጠብቃላ! ነገር ግን ማንበብ ያስተማሩን ሰዎች ሌላም ነገር ነግረውናል። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። መላላቱ ስሕተት ሆኖ አያውቅም፤ የቃሉ ልክ ነው። ያገኘውን ሁሉ አጥብቆ የሚያነብ ሰው ትርጉም ያጠፋል። ካምቢዮም ላልቶ የሚነበብ ቦታ አለው፤ ሠሪው አስቦ፣ ለክቶ የተወለት ክፍተት ነው። ልኩም በሚሊሜትር አስረኛና መቶኛ ይቆጠራል።

«የማርሽ ማንሻው እጄ ላይ ይዋኛል፤ እንግዲያው ሻፍቱ ላልቷል» ይባላል። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይህ ነው፤ ሰው በየቀኑ በእጁ የሚጨብጠው ማንሻውን ስለሆነ አይፈረድበትም። እውነቱ ግን በማንሻውና በሻፍቶቹ መካከል ገመዶች ወይም ማገናኛ ዘንጎች፣ በየመጋጠሚያውም የፕላስቲክና የጎማ ቡሾች አሉ። የሚበሉት እነሱ ናቸው። ዋጋቸው ከካምቢዮ ሥራ ጋር አይወዳደርም፤ ብዙዎቹም ካምቢዮ ሳይወርድ ይቀየራሉ። ሒሳቡን ራስዎ ያስቡት፦ የሚሊሜትር ጥቂት አስረኛ ብቻ የሚላወስ ሻፍት ማንሻውን ሦስት ጣት ሙሉ ሊያዋኘው ከየት ያመጣል? ደግሞም ማንሻ ፎሌ ላይ ሲሆን ትንሽ ግራና ቀኝ መወዛወዙ ጤናው ነው።

«ከጎኑ አንዲት ብሎን አለች፤ እሷን ሩብ ዙር ማዞር ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ተረት ከባዶ አልተነሣም። የአይሱዙ ወይም የድሮ ላንድ ክሩዘር የመሪ ሳጥን ላይ በእርግጥ ማስተካከያ ብሎንና መቆለፊያ ዳዶ አለ። የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ኩሽኔታውን የምትይዝ ዳዶ አለች። የፍሪሲዮን ፔዳልም በብዙ መኪና ላይ ማስተካከያ አለው። እነዚህን ሦስቱን በገዛ እጁ ያስተካከለ ሰው አራተኛውም እንደዚያው ነው ብሎ ቢያስብ አይገርምም። በመንገዳችን ላይ የምናያቸው የአብዛኞቹ መኪኖች ካምቢዮ ግን ከውጭ ሻፍት የሚያጠብቅ ብሎን የለውም። ከውጭ የሚታዩት ሁለቱን የካምቢዮ ግማሾች የሚያያይዙ፣ ዘይት የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው፣ የኋላ ማርሽ መብራት ማብሪያ፣ ማርሹን በቦታው የምትይዘውን ኳስና ሞላ የሚሸፍኑ ናቸው። እነሱን በጉልበት ሲያጠብቁ ሻፍቱ ንቅንቅ አይልም፤ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ነው የሚላጨው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የጎማውን ዳዶ የሚያስተካክል አዋቂ መካኒክ አጥብቆ፣ ጎማውን አዙሮ፣ መጨረሻ ላይ መልሶ ትንሽ ያላላታል። መካሪዎቹ ያዩት ማጥበቁን ነው፤ ማላላቱን አላስተዋሉም።

«ጭራሽ ባይነቃነቅ ይሻላል» ይባላል። ከተረቶቹ ሁሉ የአዋቂ ምክር የሚመስለው፣ ጉዳቱም የሚከፋው ይህ ነው። እውነቱን ለማየት ሁለት ዓይነት ኩሽኔታ እንለይ። አንደኛው ባለ ኳሱ ነው፤ ልጆቻችን ከጋራዥ ለምነው ለጣውላ ጋሪያቸው ጎማ የሚያደርጉት። የዚህ ክፍተት ከፋብሪካ ተለክቶ የመጣ ነው፤ የሚጠብቅ ነገር የለውም፤ ካረጀ ይቀየራል፣ አለቀ። ሁለተኛው ሮለሮቹ እንደ ሾጣጣ ወደ አንድ ጎን የሚጠቡት ነው። የዚህ ክፍተት ሺም በሚባሉ ስስ የብረት ቀለበቶች ይወሰናል። አንዱ ካምቢዮ ቀዝቃዛ ሳለ ትንሽ ክፍተት ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ኩሽኔታው ትንሽ ተጭኖ እንዲጀምር ይፈልጋል። የትኛው የትኛውን እንደሚፈልግ በአውራ ጣት ዳሰሳ አይታወቅም፤ በሠሪው መመሪያ ላይ በቁጥር ተጽፏል።

ሠሪዎቹ ለምን እንዲህ ተጠበቡ? ሙቀት ነው ምክንያቱ። የብዙዎቹ የቤት መኪኖች ካምቢዮ ቅርፊቱ አሉሚኒየም፣ ሻፍቱ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይረዝማል። ቅርፊቱ 30 ሴንቲሜትር ቢሆንና ከጠዋቱ ብርድ ተነሥቶ በ60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከሻፍቱ በ0.2 ሚሊሜትር ገደማ በልጦ ይረዝማል። ሁለት የደብተር ወረቀት ተደራርቦ ያህል ማለት ነው። ሠሪው ይህን አስቀድሞ ቆጥሮ ነው ቀዝቃዛውን ልክ የጻፈው። ከልኩ በላይ የታፈነ ኩሽኔታ ደግሞ በሮለሮቹና በመቀመጫቸው መካከል ያለውን ስስ የዘይት ሽፋን ይጨምቀዋል፤ ይግላል፤ ሲግል ያብጣል፤ ሲያብጥ ይበልጥ ይታፈናል። ጓሮ ውስጥ በእጅ ሲያዞሩት «እንዴት ጥብቅ አለ!» ተብሎ የተመሰገነው ካምቢዮ ወረታ ሳይደርስ የሚጮኸው በዚህ ነው።

ወረታን ካነሣን ዘንዳ መንገዱም የራሱ ተረት አለው። «ቁልቁለት ላይ ማርሽ ከዘለለ ሻፍቱን ማጥበቅ ነው» ይላሉ። ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ከፎገራ ሜዳ፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ በዓለም ሳጋ ደን በኩል አድርጎ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያወጣዎታል፤ ጋይንት ሲደርስ ከ3,000 ያልፋል። ለካምቢዮ ይህ መንገድ ፈተና ነው። ወደ ፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ጥርሳቸው ሰያፍ ነው። ሰያፍ ጥርስ ድምፅ ይቀንሳል፤ በምትኩ ሻፍቱን በርዝመቱ ወደ አንድ ጫፍ ይገፋዋል። ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ጎማውን ስለሚጎትት ግፊቱ ወደ አንድ ወገን ነው። ቁልቁለቱን በማርሽ ሲወርዱ ጎማው ሞተሩን ስለሚገፋ ግፊቱ ይገለበጣል፤ ሻፍቱም ያቺን ክፍተቱን ተሻግሮ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይጠጋል። እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሡ አንዳንዴ የምትሰማው «ኳ» ከዚህ ልትመጣ ትችላለች፤ ትንሿ ኳ በሽታ አይደለችም።

ማርሽ እየዘለለ ፎሌ ላይ የሚገባ ከሆነ ግን በሽታ ነው። ከልክ ያለፈ ክፍተት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግን ብቻውን አይደለም፦ ማርሹን የሚያያይዙት ጥርሶች ጫፋቸው ሲዶለዱም፣ የማርሽ ሹካው ሲበላ፣ ኳሷን የምትገፋው ሞላ ስትደክም፣ ሞተርና ካምቢዮውን የተሸከሙት የጎማ መቀመጫዎች ሲቀደዱም ማርሽ ይዘላል። የተቀደደ መቀመጫ ይዞ ሻፍት ማጥበቅ እግሩ ለታመመ ሰው ጥርስ እንደመንቀል ነው። የኋላ ማርሽ ማላዘኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያስደንግጥዎት፤ የእሱ ጥርስ በአብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተፈጥሮው ነው።

«ሺሙን ከጣሳ ቆርጬ እሠራዋለሁ» የሚለውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ጎረቤቴ የአሮጌ ኮሮላውን ካምቢዮ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግቶ፣ የለስላሳ ጣሳ በመቀስ ከፈተ፤ ዳር ዳሩን በሳንቲም እየለካ ቀለበት አወጣ። እጁ ጎበዝ ነው፤ ቀለበቱ ክብ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሻፍቱ ቀጥ አለ፤ እኛም አጨበጨብን። ሁለት ወር አልሞላም፤ እንደገና ሲከፈት ያ ቀለበት እንደ ደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሰባብሮ በዘይቱ ውስጥ ተበትኗል፤ ስብርባሪው ደግሞ ደኅናውን ኩሽኔታ ቧጥጦታል። የጣሳ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ሲጨመቅ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ክፍተቱ ይመለሳል። ትክክለኛው ሺም ጠንካራ፣ ሁለት ፊቱ እኩል የሆነ ብረት ነው። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች የሻፍቱ መቆለፊያ ቀለበቶች በፊደል ተለይተው በተለያየ ውፍረት ይመጣሉ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከፀጉርዎ አንድ ዘለላ ብዙም የማይርቅ ልዩነት በመቀስ አይመጣም።

«ከላላ ወፍራም ዘይት ያዝለታል» ይባላል። ወፍራም ዘይት በእርግጥ ድምፅ ያፍናል፤ እንደ ጋቢ ነው፣ ሳሉን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። የጉና ተራራ ብርድ በሚወርድበት በታኅሣሥ ጠዋት ወፍራም ዘይት ይበልጥ ይጠጥራል። ማርሽ ሲቀየር ፍጥነት የሚያመሳስሉት የነሐስ ቀለበቶች ሥራቸውን የሚሠሩት ዘይቱን ቆርጠው ብረት በመያዝ ነው፤ ዘይቱ ካልተቆረጠላቸው ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ይላል፤ አሽከርካሪው በጉልበት ያስገባል፤ ጥርሱ ይበላል። የዘይቱ ዓይነትም ይለያል። ብዙ የእጅ ማርሽ ካምቢዮዎች ጂኤል-4 የሚባለውን ይጠይቃሉ፤ ዲፈረንሻል ደግሞ በአብዛኛው ጂኤል-5ን። «ያው ዘይት ነው» ብለው የዲፈረንሻሉን ካምቢዮ ውስጥ ቢያፈሱ የነሐሱን ቀለበት ሊጎዳ፣ ማርሹንም ሊያስቸግር ይችላል። መመሪያው ያለውን ብቻ ያድርጉ።

ፎሌም የራሱ ሁለት ተረቶች አሉት፤ ባጭሩ ልለፋቸው። አንደኛው «ቁልቁለት በፎሌ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል» ነው። በካርቡራተር ዘመን እውነትነት ነበረው። በኢንጀክሽን ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሡ ነዳጁ ይቋረጣል፤ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል። ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል፤ ከዓለም ሳጋ በታች ደግሞ ብቻውን የቀረ ፍሬን ይግላል። ሁለተኛው «የተበላሸ መኪና ፎሌ ላይ ካደረግነው እስከ ባሕር ዳር ቢጎተት ምን ይሆናል?» ነው። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው መውጫ ሻፍት ከጎማው ጋር ይሽከረከራል፤ ዘይት የሚረጨው ታችኛው ሻፍት ግን ቆሟል። ላይኛው ኩሽኔታ በደረቁ ይሄዳል። ሩቅ ከሆነ ካርዳኑን መፍታት ነው ደንቡ።

ታዲያ ተረቱ ይህን ያህል ካከሰረ ለምን አይሞትም? አንዱ ምክንያት ለጊዜው የሚሠራ መምሰሉ ነው። ካምቢዮ የከፈተ ሰው አሮጌውን ዘይት ደፍቶ አዲስ ይሞላል፤ የላላ ነገር ያያይዛል፤ ቆሻሻ ይጠርጋል። ድምፁ ለሳምንታት ይቀንሳል። ምስጋናው ለማጥበቁ ይሰጣል፤ ሥራውን የሠራው ግን ዘይቱ ነበር። ሁለተኛው ርቀት ነው። ትክክለኛው ሺም ባሕር ዳር ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ይላካል፤ ባለ ታክሲ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ቆሞ ልጆቹን ምን ያብላ? ጣሳ ከደጁ አለ። ይህን የምለው ሰውን ለመውቀስ አይደለም፤ ችግሩን አውቀዋለሁ።

ሦስተኛው ምክንያት ኩራት ነው፤ እሱንም አልንቀውም። ጋፋት እዚሁ ደጃችን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር አሰልፈው ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው፤ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተቀደደለት መቅደላ ያደረሱት የሰው እጆች ናቸው። «በጋፋት አገር ካምቢዮ ምን አባቱ!» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል። ግን ከአፉ የሚጎርስ መድፍ እንዴት እንደሚሠራ እናስታውስ። ጥይቱ ከመድፉ አፍ ትንሽ ማነስ አለበት፤ እኩል ከሆነ አይገባም፤ በጣም ካነሰ የባሩዱ ኃይል በጎኑ ያመልጣል። ያቺ ትንሽ ክፍተት በስንፍና የቀረች አይደለችም፤ ተለክታ የተተወች ናት። የጋፋት ሰዎች የእኛን ጓሮ ቢያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቁልፍ አይመስለኝም፤ መለኪያ ነው።

እንግዲያው በቤት ምንም አይሠራም? ብዙ ይሠራል። መጀመሪያ ያዳምጡ። ሞተሩን አስነሥተው፣ ፎሌ ላይ ሆነው፣ እግርዎን ከፍሪሲዮን ያንሡ። ድምፅ ካለና ፔዳሉን ሲረግጡ ከጠፋ ጥርጣሬው ካምቢዮው ውስጥ ወዳሉት ኩሽኔታዎች ይሄዳል። በተቃራኒው ሲረግጡ ብቻ ከጮኸ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ከሻፍት ጋር አይገናኝም። ፍጥነት ሲጨምሩና ሲቀንሱ «ኳ» የሚለው መኪና ካርዳን ካለው ክሮቼራውን በእጅዎ አወዛውዘው ይዩት።

ቀጥሎ ዘይቱን ይዩ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፤ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ይግባ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። የመሙያውን ብሎን ሳይፈቱ ማፍሰሻውን አይፍቱ፤ መሙያው አልላቀቅ ቢል ባዶ ካምቢዮ ይዘው ይቀራሉ። በብዙ ካምቢዮዎች የጎኑ ቀዳዳ ራሱ ልክ ነው፤ ዘይቱ የቀዳዳውን ታችኛ ከንፈር ከነካ በቂ ነው። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው ጫፉን በጣትዎ ይሹት፦ እንደ ኩል የላመ ግራጫ ነገር የዕድሜ ነው፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ ያለ ብረት ካገኙ ግን መኪናዋን አቁመው ወደ ጋራዥ ይውሰዱ።

የቀረው፣ ማለትም ካምቢዮ መክፈትና የሻፍት ክፍተት ማስተካከል፣ የመለኪያ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ሲሠራ አይቻለሁ። አንድ አዛውንት መካኒክ ፊቱ እንደ ሰዓት ክብ የሆነውን ዳያል ጌጅ በሻፍቱ ጫፍ ላይ አሳረፈና በአውራ ጣቱ ገፋ። ለእኔ ዓይን ሻፍቱ አልተነቃነቀም። ቀስቷ ግን አሥራ ሁለት መስመር ሄደች፤ እያንዳንዷ መስመር የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ናት። ለማጅ ልጁ ቁልፍ ይዞ ከጎኑ ቆሟል። «አያ፣ ላጥብቀው?» አለ። መካኒኩ ቀና ሳይል መመሪያውን ገለጠ፤ ቁጥሩን በጣቱ ተከተለ፤ መጽሐፉን ዘጋና «ተወው፤ ልኩ ነው» አለው።

ስለዚህ ጋራዥ ሲሄዱ «አጥብቅልኝ» አይበሉ። «በምን ለካኸው? ስንት አገኘህ? መመሪያውስ ስንት ይላል?» ይበሉ። ሦስቱን የሚመልስልዎት ሰው ካገኙ ካምቢዮዎን አደራ ይስጡት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰምቶ ቁልፉን ካነሣ ግን፣ እኔን ያድምጡኝ፣ መኪናዎን ቀስ ብለው ያስነሡ።